የጋሽ ደምሴ ጡጦ

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የሰማሁት አዲሱ ገበያ ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነው። የደወለልኝ ከጋራዡ ጎን መለዋወጫ የሚሸጠው ጎረቤቱ ነበር። "ሰብልዬ፣ ሰማሽ? ጋሽ ደምሴ ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት፣ ቁርሳቸውን በልተው ቁጭ እንዳሉ" አለኝ። "ነፍስ ይማር" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። መርፌው ኮሌታው ላይ እንደተሰካ ቀረ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያለቅስለት ሰው ነው። እኔን ግን መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው። ጠቤን ሳልጨርስ ሄደብኝ።

ስለሱ ሳወራ "እሱ" ነው የምለው። ከስልሳ ያለፈ ሰው ነበር፣ ድሮማ "እርስዎ" እያልኩ ከመቀመጫዬ እነሳለት ነበር። "እርስዎ" ማለቴን ያቆምኩበትን ቀን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአሮጌ ኮንቴይነር የተሠራች ጋራዥ ነበረችው። የሱ ሥራ ትንንሽ ሞተር ነው፤ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ፣ ሞተር ሳይክል፣ አንዳንዴ ባጃጅ። ማንኛውንም ሞተር ከመንካቱ በፊት የቤንዚን መያዣውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ። "ደህና ዋልሽ?" ይላታል። ለሱ ሞተር ሁሉ ሴት ናት። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። አሽትቶ ሲያበቃ ባለቤቱን ቀና ብሎ ያየዋል፣ ባለቤቱም ምንም ሳያጠፋ ይደነግጣል። እኔ ራሴ ስንቴ ደንግጫለሁ።

ጴንጤ ነው፣ ያውም የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። መጠጥ በዞረበት አይዞርም። ማደያዎች ቤንዚኑን ከስኳር ፋብሪካ በሚመጣ አልኮል፣ ኤታኖል በሚሉት፣ እየቀላቀሉ ይሸጣሉ መባል ሲጀምር ጠላቱን አገኘ። "እኔ አልኮል በብርጭቆም አልወድ፣ በቤንዚንም አልወድ" ይል ነበር። የተበላሸ ሞተር በመጣ ቁጥር ምርመራው ያው ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ እንዲያውም "ጋሽ ደምሴ፣ ሚስትዎ ቢያኮርፉ ራሱ ቅልቅሉ ነው ሳይሉ አይቀሩም" ብሎት ሰዉ ሁሉ ስቋል። እሱም ስቆ "ቆይ፣ በጡጦዬ ልፈትናት" አለ።

ጡጦ ያልኩት እውነተኛ ጡጦ ነው። ልጁ ያደገችበት፣ ጎኑ ላይ ወተት የሚለካባቸው መስመሮች ያሉት፣ የድሮ የብርጭቆ ጡጦ። ከቱታው ኪስ አይለይም። ሰዉ "ባለጡጦው" የሚለውም ለዚህ ነው። ውኃ እስከ ሁለተኛው መስመር ይሞላል፣ ከላዩ የደንበኛውን ቤንዚን ይጨምርበታል፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ይንጠዋል። ከዚያ የኮንቴይነሩ ደፍ ላይ ያስቀምጠውና እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ ውኃው ወደ ሥር ወርዶ እዚያው ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ቅልቅል ከሆነ ግን አልኮሉ ቤንዚኑን ጥሎ ውኃውን ይከተላል፣ ስለዚህ የውኃው ልክ ከመስመሩ ከፍ ይላል። "ይኸውልህ። እኔ ውኃ ጨመርኩ እንዴ? አልጨመርኩም። የጨመረው አልኮሉ ነው" ይላል። ሰው ለመጠገን ሳይሆን ያንን ለማየት ብቻ ይቆም ነበር።

ጠብ የሚፈልግ ሰው ግን አልነበረም፣ ይህን አልክድም። "አዲስ መኪና ምንም አይሆንም" ይላል። "ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ባጃጅም ቶሎ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። የሚጎዳው ቆሞ የሚከርም ሞተር ነው። አልኮል ከአየሩ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ሲበዛ ውኃ ሆኖ ከሥር ይተኛል፣ ሞተሯ ደግሞ የምትጠጣው ከሥር ነው። የጎማ ቱቦውን ያሳብጠዋል፣ ካርቡራተሩን ያዝገዋል። አንድ ቀን አስነሳለሁ ስትል እምቢ ትልሃለች።" ይህን ያልሰማ የሰፈራችን ሰው የለም። እኔማ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እኔ ከሱ ጋር የተዋወቅኩት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ አስካለ ሳንባዋ ታሞ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ስትወጣ ያለ ኦክስጅን እንዳትሆን ተባለ። ከኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን አልጋዋ አጠገብ ቆመ፣ ቀጭኑ ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ገባ። ማሽኑ ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ይጠቁራል። አንዲት ትንሽ ሲሊንደር አለችን፣ እሷ ግን ለመንገድ ናት፣ ሆስፒታል እስክንደርስ ብቻ። ስለዚህ ጄኔሬተር ገዛን። ሌላው ሰው ጄኔሬተር የሚገዛው ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ነው፣ እኛ የገዛነው ለእማዬ ትንፋሽ ነው።

ጋሽ ደምሴ ጄኔሬተሯን ሊያይ ቤታችን መጣ። ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው፣ የእማዬ አልጋ መስኮቱ ሥር ስለሆነ በራችን ላይ የሚሆነውን ሁሉ ታያለች። እንደ ልማዱ አንኳኳ፣ አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ። "ይህን ከማደያ ነው የቀዳሽው" አለኝ። ከዚያ ለኔና ቀን ቀን እማዬን ለምትጠብቃት ለአክስቴ ልጅ ለትዕግሥት ሥርዓቱን አስተማረን። ሞተሩን ስታጠፉ በማጥፊያው አታጥፉት፣ የቤንዚኑን መስመር ዝጉና ካርቡራተሩ ደርቆ ራሱ ይጥፋ። መያዣው ውስጥ የቀረውን አፍስሱት፣ አይደር። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ሙሉ።

እንዳለው አደረግን። ቀላል አልነበረም። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር መሙላት፣ ማፍሰስ፣ ማድረቅ። እጄ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ አንዲት ደንበኛዬ የሚዜ ቀሚሷን አሽትታ መልሳልኛለች። ይህንን ለእማዬ ሳማርር ጋሽ ደምሴ ሰማ። በሌላ ቀን ጀሪካን ይዞ መጣ። "አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ከከተማ ውጭ ነዳጅ የሚከማችበት ቦታ የሚሠራ። ሳይቀላቀል በፊት ያለውን ያመጣልኛል። ለእትዬ አስካለ የሚሆነውን ከእንግዲህ እኔ አመጣለሁ። እሱ ያለ ችግር ይከርማል፣ አታፍስሱት። ሞልታችሁ ተዉት፣ መብራት ሲሄድ ገመዱን መጎተት ብቻ ነው።"

ጡጦውንም እማዬ አልጋ ላይ፣ መስኮቱ ብርሃን ፊት ይዞ ናጠው። ውኃው መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ደምሴ፣ ይሄ ጡጦ ስንት ልጅ አሳደገ?" አለችው እማዬ።

"አንዲት ልጅና ብዙ ጄኔሬተር፣ እትዬ።"

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ልብስ ስፌት ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ሰው ሁሉ "ቀለሙ አይለቅም" ብሎ ጨርቅ ያመጣል፣ ሲታጠብ ይለቃል። እሱን ግን አመንኩት። ዓይኔ እያየ ነዋ የፈተነው። ማፍሰሱን ተውን፣ ማድረቁን ተውን። እፎይ አልን።

ከዚያ በኋላ የቤት ሰው ሆነ። ጀሪካኑን ያስቀምጥና ሄዶ እማዬ አጠገብ ይቀመጣል፣ ትዕግሥት ሻይ ታቀርባለች። ሱቅ ስለምውል ብዙውን ጊዜ ወሬውን የምሰማው ማታ ከእማዬ ነው፣ እሁድ እሁድ ግን እኔም እኖራለሁ። እማዬ መቼም ነገር ትወዳለች።

"ደምሴ፣ በፋሲካ እንኳ አንዲት ብርሌ ጠጅ ብትቀምስ ጌታ ይቆጣሃል?"

"እትዬ አስካለ፣ እኔ ከቤንዚን ውስጥ አልኮል እያሳደድኩ የምኖር ሰው፣ ሆዴ ውስጥ ላስገባው?"

እማዬ ትስቃለች፣ ሳቁ ሳል ያመጣባታል። እሷ ስትስል እኛ ሁላችን እንራወጣለን፣ ውኃ የሚያመጣ፣ ጀርባዋን የሚደግፍ። እሱ ግን አይነሳም። አንገቱን ደፍቶ ሳሉ እስኪያልፍ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ሲያልፍላት ወሬውን ከተቋረጠበት ይቀጥላል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እማዬ ይህን ነገሩን እንዴት እንደምትወደው። "እናንተ ስስል ገዳዬን ያያችሁ ነው የምትመስሉት" ትለን ነበር።

የሚገርመው ያን ክረምት መብራት ጭራሽ አልሄደም። ጄኔሬተሯ ከሰኔ ጀምሮ ቤንዚኗን እንደሞላች በረንዳው ላይ ቆመች። አንድም ቀን ስለሷ አላሰብኩም፣ ለምን አስባለሁ? ንጹሕ ነው፣ ይከርማል ተብያለሁ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ እየዘነበ እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ፈነዳ። በዝናቡ ምክንያት ሱቅ አልሄድኩም ነበርና ድምፁን ቤት ሆኜ ሰማሁት። የእማዬ ማሽን ጮኸና ዝም አለ። ሮጥኩ፣ ገመዱን ጎተትኩ። አልተነሳችም። ደግሜ ጎተትኩ። እንደገና። የአየር መዝጊያ ቾኳን ከፍ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ትዕግሥት ተቀብላኝ፣ እጃችን እስኪላጥ። ትንሿን ሲሊንደር ለእማዬ ከፈትንላትና ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ። በዝናቡ ሞተር ሳይክሉን እያስጮኸ ደረሰ። አላንኳኳም፣ "ደህና ዋልሽ" አላለም። ካርቡራተሩን ከሥር ፈታው።

የወጣው ነገር ቤንዚን አይመስልም። ድፍርስ ውኃ ነው፣ ከሥሩ አረንጓዴ ዝቃጭ ያለው። በሌላ ቀን ቢሆን ጡጦውን አውጥቶ "ኑ እዩ" ባለ ነበር። ያን ቀን ግን ያንን ውኃ በፍጥነት ጭቃው ላይ ደፋው። ደፍቶም በእግሩ አሸው። እኔን አላየኝም። ያኔ ልብ አላልኩትም፣ የኔ ዓይን ያለው ሲሊንደሯ ላይ ነው፣ የቀረውን አየር የምታሳየው ቀስት እየወረደች ነው። "ታክሲ ጥሩ፣ እኔ እዚህ ብቆይ አይጠቅምም" አለ። በራይድ ታክሲ ጳውሎስ ስንደርስ ቀስቷ ቀዩ ላይ ነበረች።

እናቴ ተረፈች። ግን የወጣችው እናቴ የገባችው አይደለችም። ከዚያ ወዲህ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ያለው ለሷ ረጅም መንገድ ነው።

ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ብርድ ልብስ ልወስድ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ጀሪካኑ ተቀምጧል። ያ በእግሩ ያሸው ጭቃ ትዝ አለኝ። ጡጦ የለኝም፣ አንድ ባዶ የብርጭቆ ጠርሙስ አጠብኩ። ውኃ አደረግኩና ልኩን በልብስ መቅደጃ ጠመኔ አሰመርኩ። ከጀሪካኑ ቤንዚን ጨመርኩበት፣ ናጥኩት፣ ደረጃው ላይ አስቀምጬ እጄን አጣምሬ ጠበቅኩ። ልክ እሱ እንዳስተማረኝ። ውኃው ከጠመኔው በላይ ወጣ።

ደፋሁትና እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ወጣ።

ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልዬ ጋራዡ ሄድኩ። ብቻውን ነበር። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ከእርስዎ ጀሪካን የቀዳሁት ነው" አልኩት። አላነሳውም። የጠመኔውን መስመርና የውኃውን ልክ ካለበት አይቶታል።

"እትዬ አስካለ እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"ስለሷ አይጠይቁኝ። ይሄ ምንድን ነው?"

መፍቻ አንስቶ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ንጹሕ መፍቻ ነው፣ ምንም የለበትም። "መጀመሪያ ያመጣሁላችሁ እውነት ነበር፣ ሰብልዬ። ፊትሽ ፈትኜዋለሁ። ኋላ ወዳጄ ከዚያ ሥራ ወጣ።"

"መቼ ወጣ?"

"ቆየ።"

"መቼ፣ ጋሽ ደምሴ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"እና ከማደያ እየቀዱ ነው ንጹሕ ነው ሲሉን የኖሩት?"

"ልነግራችሁ እያልኩ እመጣለሁ" አለኝ። "እትዬ አስካለ ገና ሲያዩኝ 'አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር' ይሉኛል። ሻይ ይመጣል። እንቀመጣለን። አፌ እምቢ ይለኛል። መብራቱም በየጊዜው ስለሚሄድ ቤንዚኑ ሳይቆይ ያልቃል ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይከርማል አላልኩም፣ እግዚአብሔር ያያል።"

እግዚአብሔርን ሲጠራ ባሰብኝ። "ማፍሰሱን ያስተማሩን እርስዎ። ማፍሰሱን ያስተዉንም እርስዎ። እኔ ንጹሕ ቤንዚን አምጡልኝ ብዬ ለምኛለሁ? ቅልቅል ነው ብትለኝ አፈሰው ነበር። አንዲት ቃል ብቻ። በየቀኑ አፈሰው ነበር። አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ።"

"እርስዎ" ማለቴን የተውኩት እዚያ ላይ ነው። አስቤበት አይደለም፣ አፌ ራሱ ተወው። እሱም ሰማው። መፍቻውን አስቀመጠው።

"ልክ ነሽ" አለኝ።

መከራከር ሲጠበቅበት ልክ ነሽ የሚል ሰው ምን ይደረጋል? ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር። "ቤታችን እንዳትደርስ" አልኩት።

"ለእትዬ አስካለ ምን ትያቸዋለሽ?"

"እሱ የኔ ጉዳይ ነው።"

ለእማዬ ሥራ በዝቶበታል አልኳት። ምን ልበላት? ያን የመሰለ ወዳጅሽ ዋሽቶሽ ነው ሞት አፋፍ የደረስሽው ልበላት? ሐኪሞቹ አታስደንግጧት ብለዋል። ማፍሰሱን እኔ ጀመርኩ፣ ካርቡራተሩን ማድረቁን እኔ። ዝገቱን ሌላ ሠራተኛ ጠርቼ አስጠረግኩ። እማዬ "ደምሴ ቀረሳ" ትለኛለች። "በዝቶበት ነው" እላለሁ። ኋላ ኋላ መጠየቁን ተወችው። ረሳችው ብዬ ደስ አለኝ።

እሱን ግን መርሳት የት አለ። ኮንቴይነሩ ሱቄ መንገድ ላይ ነው። ከተሰበሰበው ሰው መሐል ጡጦውን ሲንጥ ከታክሲ መስኮት አየዋለሁ፣ ሰዉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ወርጄ "ይሄ ሰውዬ የራሱን ቤንዚን ይፈትን" ማለት ያምረኝ ነበር። አላልኩም። በሱ ሳይሆን በራሴ አፍር ነበር፣ ያን ያህል በመሞኘቴ።

እና ሞተ። ማታ ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። መስኮቱን አየች፣ አየችና "ነገ ልብሴን አውጪልኝ" አለች።

"እማዬ፣ የት ልትሄጂ? ሲሊንደሯ እኮ ለሆስፒታል ናት።"

"ለመንገድ ናት አላልሽኝም? ይኸው መንገድ።"

ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ትዕግሥትም አገዘችኝ። አልሰማችንም። በማግሥቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሲሊንደሯን እኔ ይዤላት፣ በራይድ ሸጎሌ ልቅሶው ቤት ሄድን። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ ውጭ ቆሟል። ጴንጤዎች ሙሾ አያወርዱም፣ መዝሙር ነው። ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆሟል፣ ልጁ ከፎቶው አጠገብ ጡጦውን አስቀምጣለታለች። ታጥቦ ያብለጨልጫል። አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተነስቶ "ወንድማችን ደምሴ በቤቱም በሥራውም በእውነት የተመላለሰ ሰው ነበር" አለ። ያ ባጃጅ ነጂ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ።

እማዬ ጡጦውን አየችና ሳቀች። ሳቁ ሳል አመጣባት። ሴቶቹ ተንጫጩ፣ ውኃ የሚያቀርብ፣ ጀርባዋን የሚመታ። አንገቱን ደፍቶ የሚጠብቃት አልነበረም። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ስንመለስ አዲሱ ገበያ መስቀለኛው ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ራይዱ መላወሻ አጣ። የሽማግሌው ንግግር ጆሮዬ ላይ አልጠፋ አለ፣ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ወዳጁ፣ ስለ ማደያው፣ ስለ ጠርሙሱና ስለ ጠመኔው፣ ከቤት እንዳይደርስ ስለማለቴ። እማዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ከሞተር ሳይክሉ ነበር የሚቀዳው" አለች።

"ምኑን?"

"ቤንዚኑን ነዋ። ከመስኮቴ ሥር ያቆምና በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ወደ ጀሪካኑ ያወርዳል። ከዚያ 'ከወዳጄ ዘንድ መጣ' እያለ ይገባል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ማደያ በጀሪካን ስለማይሸጡለት ይሆናል።"

"ታውቂ ነበር?"

"የታመመው ሳንባዬ ነው። ዓይኔ ደህና ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታባርሪዋለሽ ብዬ።" ወደ ውጭ አየች። "ይኸው አባረርሽው። አንቺ ሱቅ ነሽ። ትዕግሥት ስልኳ ላይ ናት። እኔ ከማን ጋር ላውራ፣ ከማሽኑ ጋር?"

"ሊገድልሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ።" እንደገና ትንፋሽ። "ካባረርሽው በኋላም ይመጣ ነበር። አይገባም። መስኮቴ ሥር ይቆምና የሞተሩን መያዣ ያንኳኳል። እጄን አነሳለታለሁ። ይሄዳል። 'በዝቶበት ነው' ስትዪኝ፣ እሺ እልሽ ነበር።"

እሱ የዋሸኝ አንሶ፣ እሷም። እኔ በረንዳው ላይ ክንዴ እስኪዝል ገመድ የጎተትኩት ለማን ሆነና? አንድ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። ቅልቅል እንደሆነ ታውቃለች፣ ቅልቅል ቆሞ እንደማይከርም ከአልጋዋ ሆና መቶ ጊዜ ሰምታለች፣ ጄኔሬተሯ ሞልታ ክረምቱን ሙሉ ስትቆም አይታለች። ታዲያ ያን ቅዳሜ ገመዱን ስጎትት፣ እንደማትነሳ ታውቂ ነበር ወይ ልላት ፈለግኩ። ሲሊንደሯን አየሁ። ቀስቷ ቀዩ ላይ ደርሳለች፣ መንገዱ ገና አልተከፈተም። እያንዳንዱ መልስ ትንፋሽ ነው።

"በቃ አታውሪ፣ አየሩን ቆጥቢ" አልኳት። ጥያቄዬን ዋጥኩት፣ እስከ ዛሬ አልተፋሁትም።

እንደምንም ደረስን። ተሸክመን አስገባናት፣ ማሽኑ ላይ ሰካናት። የከንፈሯ ቀለም እስኪመለስ እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አኩርፌያታለሁ፣ እጇን ግን አልለቀቅኩም። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው መስኮቱን ነው፣ ቀጥላ እኔን።

"ቤንዚኑን አፍስሰሽዋል?" አለችኝ።

"አፍስሼዋለሁ" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ ጠዋት ነው ያፈሰስኩት። ስለዚያ ቤንዚን ከሦስታችን ያልዋሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምንም የማላውቀውም እኔ ብቻ።